የአባቴ ኤችፒ-25 11 ይላል፣ የእኔ ሲሙሌተር 12 ይላል

ቀያሹ_ልጅ፣ ጥቅምት 8፣ ማታ 3:10

ሰላም ቤተሰብ። ነገሩ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባቴ ቀያሽ ነበር፤ አሁን ጡረታ ላይ ነው። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ለሥልጠና ውጭ ሄዶ ሲመለስ ያመጣት ኤችፒ-25 ካልኩሌተር እስካሁን ቤት አለች። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣች ናት። ቁጥሮቿ በቀይ መብራት የሚያበሩ፣ 30 ቁልፍ፣ 49 የፕሮግራም እርምጃ፣ 8 ማስቀመጫ ሬጅስተር። በቃ። ካጠፋሃት ፕሮግራሙም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አባቴ ፕሮግራሞቹን ሁሉ በእስክሪብቶ ጽፎ፣ አጣጥፎ ማኅደሯ ውስጥ ይዟቸዋል።

እኔ ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በጃቫስክሪፕት ሲሙሌተር እየሠራሁላት ነው። ሐሳቤ አባቴ ስልኩ ላይ ከፍቶ እንዲነካካት ነበር። ቁልፎቹ ተሠርተዋል፣ መብራቱ ተሠርቷል፣ ፕሮግራም ማስገባትና ማስኬድ ይሠራል።

ትናንት ከወረቀቶቹ አንዱን ሞከርኩ። ባሕረ ሐሳብ ነው፣ የፋሲካና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት። ለዚያ የሚያስፈልጉትን ሁለት ቁጥሮች፣ አበቅቴና መጥቅዕን፣ ያወጣል። ሬጅስተር 1 ውስጥ 5500፣ ሬጅስተር 2 ውስጥ 19 አስቀድመህ ታስገባለህ። መጀመሪያው እንዲህ ይላል፦

ሪኮል 1
ደምር
ሪኮል 2
አካፍል
ፍራክ
ሪኮል 2
አባዛ
ኢንት
1
ቀንስ

እሷ ላይ ቁጥሮቹ ይቀድማሉ፣ ደምር አካፍል የሚለው ይከተላል። ሪኮል ማለት ከሬጅስተር ቁጥር ማውጣት፣ ፍራክ ማለት ከነጥብ በኋላ ያለውን ብቻ ማስቀረት፣ ኢንት ደግሞ እሱን ቆርጦ መጣል ነው። 2017 ስታስገባ 7517 ይሆናል፤ ለ19 ሲካፈል የሚተርፈው መደብ 12 ነው። አንድ ሲቀነስ ወንበር 11።

ስልኬ ላይ በትክክል 12 ይመጣል። የአባቴ ካልኩሌተር ላይ ግን ኢንት ስጫን 11 ይሆናል! ሦስቴ ደገምኩት። የሚያናድደው ደግሞ ከኢንት በፊት መብራቱ ላይ 12.00 ብሎ ተጽፏል። 12.00 እያለ ኢንት ስለው 11.00። እርጅና ነው? ቺፑ ተበላሽቶ ይሆን?

---

ሌሊት_ኮዳሪ፣ ጥቅምት 8፣ ማታ 3:25

ወንድሜ ስልክህ ላይ ካልኩሌተር አለ እኮ 😅 ሃምሳ ዓመት የሆናት ማሽን ተሳስታ ይሆናላ። ያንተ ልክ ከሆነ ምን ቸገረህ?

---

ሐሳበ_ባሕር፣ ጥቅምት 8፣ ማታ 4:02

የቁጥሩን ልክነት እኔ ልመስክር። 2017፦ ዓመተ ዓለም 7517፣ መደብ 12፣ ወንበር 11። ወንበር በ11 ሲበዛ 121፤ 30ን ሲገድፉ አበቅቴ 1። ወንበር በ19 ሲበዛ 209፤ 30ን ሲገድፉ መጥቅዕ 29። ሁለቱ ሲደመሩ 30፣ እንደ ደንቡ።

መጥቅዕ ከ14 በላይ ስለሆነ በመስከረም ይውላል። መስከረም 29 ረቡዕ ነበር፣ የረቡዕ ተውሳክ፣ ማለትም ዕለቱ የሚጨምረው ቁጥር፣ 4 ነው። 29 እና 4፣ 33። 30ውን ገድፈን መባጃ ሐመር፣ ማለትም የነነዌ ጾም የሚገባበት ቀን፣ 3። ሠላሳን ስላለፈ ነነዌ ወደ የካቲት ይሻገራል፣ የካቲት 3። ከዚያ 69 ቀን ቁጠር፤ ፋሲካ ሚያዝያ 12። ሁላችንም በዚያ ቀን ነው የፈታነው።

የአባትህ ማሽን መደብን 11 ካለች ወንበር 10 ሊሆን ነው። አበቅቴ 20፣ መጥቅዕ 10። በጥቅምት 10 ልትውል ነው፣ እሱም እሑድ፣ ተውሳኩ 7። ነነዌ የካቲት 17፣ ፋሲካ ሚያዝያ 26። ፋሲካን ሁለት ሳምንት ሙሉ አዘገየችብን 😄

---

ኦ41፣ ጥቅምት 9፣ ንጋት 12:40

ልጄ፣ ካልኩሌተሯን እንዳትወቅሳት። ደህና ናት። የተሳሳተው ያንተ ሲሙሌተር ነው።

ወረቀትና እርሳስ ያዝ። 7517 ለ19 ሲካፈል 395.631578947... ነው። ኤችፒ-25 የምትይዘው አሥር አሃዝ ብቻ ነው። ስለዚህ 395.6315789 ብላ ታቆማለች። ፍራክ ሲባል 395 ይወድቅና 0.6315789 ይቀራል። ልብ በል፣ አሁን የቀሩህ ሰባት አሃዞች ናቸው፤ ሦስቱ ከ395 ጋር ሄዱ። በ19 ስታበዛው 11.9999991። መብራቱ የተቀመጠው ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ እንዲያሳይ ስለሆነ አጠጋግቶ 12.00 ይልሃል። ኢንት ግን የሚቆርጠው የሚታየውን አይደለም፣ ውስጥ ያለውን ነው። 11።

ያንተ ጃቫስክሪፕት አሥራ ስድስት አሃዝ ገደማ ይዞ፣ ያውም በባይነሪ፣ በ0 እና በ1 ብቻ፣ ስለሚያሰላ 12 አልፎ በጣም ትንሽ ሽራፊ ያወጣል። ስለዚህ 12 አለህ። ትክክል ስለሆነ አይደለም፣ ስለቀናው ነው።

ካላመንክ አሁኑኑ 2018 አስገባበት። ትክክለኛው መደብ 13 ነው።

እኔ እዚህ ሜሪላንድ ቁጭ ብዬ እ.ኤ.አ. የ1979ኙን ኤችፒ-41ሲ እስካሁን የምጠቀም ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ደስ ይለኛል።

---

ቀያሹ_ልጅ፣ ጥቅምት 9፣ ጠዋት 2:15

ጋሼ፣ እውነትዎን ነው። 2018 ሳስገባ የእኔው 12 አለኝ። ከኢንት በፊት ያለውን ሳወጣው 12.9999999999998 ገደማ ነው። በ2017 ልክ፣ በ2018 ስሕተት። ትናንት ይህን ሳላይ «የእኔ ይሠራል» ብዬ ልጽፍ ነበር 🤦🏾

የአባቴ ደግሞ ለ2018ም 12 አለች። ቢያንስ እሷ ወጥ ናት።

አሁን ጥያቄዬ ተቀየረ። እሷ የምትሳሳተውን ስሕተት እኔስ እንዴት ልሳሳት?

---

ሜርኩሪ፣ ጥቅምት 9፣ ጠዋት 3:30

ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ያምታታቸዋል።

አንደኛው አንተ የጀመርከው ነው። የማሽኗን ጠባይ ከመመሪያው አንብበህ በራስህ ኮድ ትጽፋለህ። ሲሙሌተር የሚባለው ይሄ ነው። ሁለተኛው የማሽኗን ሮም፣ ማለትም ቺፑ ውስጥ የተቀረጸውን ዋናውን ኮድ አግኝተህ፣ አንተ የምትጽፈው ፕሮሰሰሩን ብቻ ይሆናል። ኢሙሌተር ነው። ያኔ ሳይን፣ ሎግ፣ ማካፈል ምናምን አትጽፍም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መሐንዲሶቹ የጻፉት ራሱ ይሮጣል፣ ስሕተታቸውም አብሮ።

እኔ የሠራሁት ኤችፒ-35ን ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1972ቱን። በ395 ዶላር የተሸጠችው። ፕሮግራም አትቀበልም ግን የሁሉም እናት ናት። የውስጧ ኮድ በሙሉ 768 ቃል ነው፣ እያንዳንዱ 10 ቢት። ከአንድ ኪሎባይት አይበልጥም! በዚያ ውስጥ ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ ሎግ፣ ካሬ ሥር አለ። አንድ ሬጅስተር 56 ቢት ነው። አሥራ አራት አሃዝ፣ ለእያንዳንዱ አራት ቢት። አንዱ ለምልክት፣ አሥሩ ለቁጥሩ፣ አንዱ ለኤክስፖነንት (ለአሥር ኃይሉ) ምልክት፣ ሁለቱ ለኤክስፖነንቱ።

ለምሳሌ −0.0025 ውስጥ ለውስጥ እንዲህ ይቀመጣል፦

9 2500000000 9 97

የፊተኛው 9 «ነጌቲቭ» ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ያለው 997 ደግሞ −3 ነው፤ ከሺህ ሦስት ሲቀነስ። መጀመሪያ ሳየው ግማሽ ቀን አደናግሮኛል። ካወቅኸው በኋላ ግን እንደ መጽሐፍ ታነበዋለህ።

ፕሮሰሰሯ ቢቶቹን አንድ በአንድ በሰልፍ ነው የምታሳልፈው። አንድ ትእዛዝ 280 ማይክሮሰከንድ ይወስዳል፣ በሰከንድ 3,500 ገደማ። ስልክህ በሚሊዮኖች ስለሚሮጥ አውቀህ ማዘግየት አለብህ፤ ካልሆነ የማሽኗን ለዛ ታጠፋዋለህ።

ሮሙ ከየት ይመጣል ለምትሉ፣ ኤችፒ በዚያ ዘመን ለአንዳንዶቹ የፓተንት ማመልከቻ ሲያስገባ የውስጡን ኮድ ዝርዝር አትሞ አያይዞታል። ለሌሎቹ ሰዎች ቺፑን ከፍተው በማይክሮስኮፕ ፎቶ አንስተው ቢቶቹን ቆጥረዋል። ትዕግሥታቸው ይገርማል። ሮሙ ግን የባለቤቱ ንብረት ነው፣ እባካችሁ ፋይሉን እዚህ አትለጥፉ።

---

ሌሊት_ኮዳሪ፣ ጥቅምት 9፣ ቀን 7:05

እሺ አሁን ገባኝ፣ ይቅርታ 😂 ግን «ስሕተታቸውም አብሮ» ያልከው ምንድነው? ካልኩሌተር እንዴት ባግ፣ የፕሮግራም ስሕተት፣ ይኖረዋል?

---

ሜርኩሪ፣ ጥቅምት 9፣ ቀን 7:40

አለው እንጂ። የመጀመሪያዎቹ ኤችፒ-35ዎች ላይ 2.02 አስገብተህ ነቹራል ሎግ ወስደህ መልሰህ ኤክስፖነንሻል ስትጫን 2.02 መምጣት ነበረበት። የሚመጣው 2 ነው። ሁለቱ መቶኛ ጠፋ። ኩባንያው ሲያውቅ ለገዢዎቹ በነፃ ሊቀይርላቸው ቃል ገባ። ዛሬ ሰብሳቢዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ያንኑ የተሳሳተውን ነው። የድሮውን ሮም በኢሙሌተሬ ሳስኬደው 2 ብሎ ቁጭ አለ። ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል ልክ በሆነ መልስ ተደስቼ አላውቅም።

ሌላም አለ። ኤችፒ-45 ውስጥ መመሪያው የማያነሳው ሰዓት ተደብቋል። ሪኮል ትጫንና፣ ከዚያ የምልክት መቀየሪያዋን፣ 7ን እና 8ን ሦስቱን በአንድ ጊዜ ትጫናለህ። መቁጠር ይጀምራል። ክሪስታል ስለሌላት ሰዓቱ ያዛባል። ከመመሪያ እያነበብህ ሲሙሌተር ብትሠራ ይህ ነገር መኖሩን በምን ታውቃለህ? ደግሞ ኢሙሌተር የምትሠሩ፦ ስክሪን ላይ በማውዝ ሦስት ቁልፍ አንዴ መጫን አይቻልም። እኔ ሺፍት ሲያዝ ቁልፎቹ ተጭነው እንዲቆዩ አድርጌ ነው የተገላገልኩት።

---

ቲአይ_ወዳጅ፣ ጥቅምት 9፣ ማታ 2:20

ኤችፒ፣ ኤችፒ፣ ኤችፒ። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን። የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስን ቲአይ-59 የሚያነሳ የለም?

እ.ኤ.አ. 1977። እስከ 960 እርምጃ። የናንተ 49 😏 ማግኔት ካርድ ታሳልፍበታለህ፣ ፕሮግራሙ ይቀመጣል። ከጀርባው ቺፕ የምታስገባበት ቀዳዳ አለ፤ አንዱ ቺፕ እስከ 5,000 እርምጃ የተዘጋጀ ፕሮግራም ይይዛል። ማስታወሻውን ደግሞ አንተ ነህ የምታካፍለው፤ እርምጃ ሲበዛ ሬጅስተር ይቀንሳል። ከበዪዎቹ ብዛት አንጻር እንደ እንጀራ መቁረጥ ነው።

ሲሙሌተር ለመሥራት ግን ከኤችፒ የከፋ ነው። እንደ ትምህርት ቤት ሒሳብ ነው የሚጻፈው፣ በቅንፍ፣ ከእኩል ይሆናል ምልክት ጋር። ዘጠኝ ቅንፍ ድረስ ይከፍታል። ገና ያልተሰላው የሚጠብቅበት ቦታ ስምንት ስውር ሬጅስተሮች ናቸው። መመሪያው አያነሳቸውም፣ ተጠቃሚዎች ግን ደረሱበት። የሚጠራቸው ትእዛዝ ቁጥር 82 ነው፤ በቀጥታ የሚጫን ቁልፍ ስለሌለው መጀመሪያ «አስቀምጥ 82» ብለህ ጽፈህ፣ ወደኋላ ተመልሰህ «አስቀምጥ»ን ታጠፋና 82 ብቻውን ይቀራል። ሰው ምን ያህል ቢቸግረው ነው! እኔ ቅንፉን በተለመደው ዘመናዊ መንገድ ሠርቼ ጨረስኩ ብዬ ነበር። ከዚያ አንድ የድሮ ፕሮግራም ሳስኬድ ስውሮቹን ሬጅስተሮች እንደ ተጨማሪ ማስታወሻ ይጠቀምባቸዋል። እንደገና ከዜሮ።

የአሃዙም ነገር አለ። ውስጥ 13 ይይዛል፣ የሚያሳይህ 10። ፓይ ተጫንና ከሚታየው 3.141592654 ቀንሰው። ዜሮ አይመጣም፣ −4.1 ሲባዛ በ10 ኃይል −10 ይመጣል። ሲሙሌተራችሁ እዚያ ላይ ዜሮ ካለ ጣሉት።

---

ኦ41፣ ጥቅምት 10፣ ንጋት 12:15

ቲአይ_ወዳጅ፣ 960 እርምጃህን አክብሬያለሁ። የካርድ ማንበቢያህ ጎማ ግን ዛሬ ሙጫ ሆኗል፣ አይደል? እውነቱን ተናገር። በነገራችን ላይ የኛም እንደዚያው ነው። በዚያ ዘመን የተሠራ የካርድ ጎማ ሁሉ ከዓመታት በኋላ እንደ ማር ይቀልጣል። ካርድ ያላችሁ ሰዎች ጎማውን ሳትቀይሩ እንዳታስገቡ፤ ካርዱንም ይዞት ይሄዳል።

አሁን ወደ ቀያሹ ልጅ። ላንተ ኢሙሌተር አልመክርህም። ሲሙሌተርህን አስተካክለው፣ ይበቃሃል። ሁለት ነገር አድርግ።

አንደኛ፣ የጃቫስክሪፕቱን ቁጥር ጨርሶ ተወው። ቁጥርን በአሥር አሃዝ ዝርዝርና በኤክስፖነንት ያዝ። መደመር፣ ማብዛት፣ ማካፈልን አራተኛ ክፍል በተማርከው መንገድ በአሃዝ ጻፍ። ካሰላህ በኋላ ወደ አሥር መልሰው። ከእያንዳንዱ ቁልፍ በኋላ! መጨረሻ ላይ ብቻ ካጠጋጋህ ምንም አልሠራህም።

መፈተኛ ልስጥህ። የ2 ካሬ ሥር ወስደህ መልሰህ በራሱ አባዛው፤ ዘጠኙን ከነጥብ በኋላ ያሉ አሃዞች አሳይ። 1.999999999 መሆን አለበት። 2 ካለህ ውስጥ የደበቅኸው አሃዝ አለ ማለት ነው።

ሳይንና ኮሳይን ላይ ስትደርስ ይከብዳል። የታወቀች ፈተና አለች፤ በዲግሪ 9 አስገብተህ ሳይን፣ ኮሳይን፣ ታንጀንት፣ ከዚያ በግልባጩ አርክታንጀንት፣ አርክኮሳይን፣ አርክሳይን። በንድፈ ሐሳብ 9 ይመለሳል። የእኔ 41ሲ 9.000417403 ትላለች። ኤችፒ-15ሲም ያንኑ ትላለች፣ ምክንያቱም ሒሳባቸው አንድ ነው። ሌሎች ሞዴሎች ሌላ ይላሉ። እንደ ጣት አሻራ ናት። በባይነሪ የተሠራ ሲሙሌተር 9 ወይም እጅግ ለ9 የቀረበ ብሎ ይገላግልሃል፤ ያኔ አስመሳይ መሆኑን ታውቃለህ።

እነዚያ ማሽኖች ሳይንን የሚያወጡት ኮርዲክ በሚባል ዘዴ ነው። ጃክ ቮልደር የተባለ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1959 ለአውሮፕላን የጉዞ አቅጣጫ ስሌት ያሳተመው ነው። ለኤችፒ-35 ዴቪድ ኮክራን በአሥር ቤት እንዲሆን አድርጎ ጻፈው። ማባዣ የለውም። መደመር፣ መቀነስና ቦታ ማንቀሳቀስ ብቻ፤ ከትንሽ የአርክታንጀንት ሰንጠረዥ ጋር። አንብበው፣ ያምራል። ግን ለባሕረ ሐሳብ አያስፈልግህም።

ሁለተኛ፣ ስታኩን፣ ቁጥሮቹ ተደራርበው ስሌት የሚጠብቁበትን ቦታ፣ እንዴት ሠራኸው?

---

ቀያሹ_ልጅ፣ ጥቅምት 10፣ ጠዋት 2:50

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስታኩ ተራ የጃቫስክሪፕት ዝርዝር ነው። ቁጥር ሲገባ ላዩ ላይ ይጨመራል፣ ሲሰላ ሁለት ወርዶ አንድ ይመለሳል።

---

ኦ41፣ ጥቅምት 10፣ ቀን 9:30

እንደፈራሁት። እሱም ስሕተት ነው።

ስታኳ አራት ደረጃ ብቻ ናት፣ መቼም አትጎድልም አትጨምርም። ኤክስ፣ ዋይ፣ ዚ፣ ቲ። ስትደምር ኤክስና ዋይ ይዋሐዳሉ፣ ዚ ወደ ዋይ ይወርዳል፣ ቲ ወደ ዚ ይወርዳል። ቲ ግን ባዶ አይሆንም፣ ራሱን ይደግማል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ሰው ግን ይጠቀምበታል። 1.05 አስገብቶ ኤንተርን ሦስቴ ይጫናል፤ አራቱም 1.05 ይሆናሉ። ከዚያ ገንዘቡን አስገብቶ ማባዣን ብቻ ደጋግሞ ይጫናል፤ በየዓመቱ አምስት በመቶ። ያንተው ሁለት ሦስቴ ከተጫነ በኋላ ስታኩ ባዶ ይሆንበታል።

ኤንተርም ራሷን የቻለች ናት። 3 ኤንተር ስትል 3 ዋይም ኤክስም ላይ አለ። ከዚያ 4 ስትጫን ኤክስ ላይ ያለውን 3 ይተካዋል እንጂ ስታኩን አይገፋም። ከመደመር በኋላ 4 ብትጫን ግን ይገፋል። ስለዚህ «ቀጣዩ ቁጥር ይግፋ ወይስ ይተካ» የሚል አንድ ባንዲራ ያስፈልግሃል። ከኤንተር በኋላና ኤክስን ከማጥፋት በኋላ ይተካል። የጀማሪ ሲሙሌተሮች ሁሉ የሚወድቁት እዚህ ነው፤ የእኔም ወድቆ ነበር።

---

ሃይፋ_ላይ፣ ጥቅምት 10፣ ማታ 1:45

ዝም ብዬ ሳነብ ነበር፣ አንድ ነገር ልጨምር። ለኤችፒ-42ኤስ የተሠራው ፍሪ42 አለ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከኤችፒ ሮም አንዲት መስመር አልወሰደም፣ ከዜሮ የተጻፈ ነው። ዋናዋ ማሽን፣ እ.ኤ.አ. የ1988ቷ፣ 12 አሃዝ ነው የምትይዘው። የፍሪ42 ዴሲማል ግን 34 ይይዛል። ማለትም ሆን ብሎ ከዋናዋ ይበልጣል። እንደ ጋሼ ኦ41 ከሆነ አስመሳይ ሊባል ነው?

እኔ በየቀኑ የምሠራበት ስለሆነ ተቆርቋሪ ነኝ 🙂

---

ኦ41፣ ጥቅምት 11፣ ንጋት 12:50

አይባልም። እሱ መሣሪያ ነው። ለሥራ ከሆነ 34 አሃዝ ይግባልህ፣ ማን ይጠላል። እኛ ግን እያወራን ያለነው አባትየው በእጁ የሚያውቃትን ማሽን ስለመመለስ ነው። ያ ሌላ ሥራ ነው።

ደግሞ አምራቹ ራሱ ምን እንዳደረገ እይ። ባንክ ቤት የሚወዷት ኤችፒ-12ሲ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ እየተሸጠች ነው። ውስጧ ያለው ፕሮሰሰር ግን የድሮው መሆኑ ቀርቷል፤ ዘመናዊ ቺፕ ላይ የድሮው ኮድ በኢሙሌተር ይሮጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 እንደገና ያወጧት 15ሲም እንደዚያው። ኮዱን እንደገና መጻፍ ይችሉ ነበር። አልነኩትም።

---

ሜርኩሪ፣ ጥቅምት 11፣ ጠዋት 4:10

ቀያሹ ልጅ፣ አንድ ማስጠንቀቂያ ረስቼ ነበር። ኤችፒ-25ን ባትሪ ሳይኖራት ቻርጀር ላይ እንዳትሰካት። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ሞዴሎች ባትሪው እንደ ግድብ ነው የሚያገለግለው፤ ከሌለ ወይም ከሞተ ቮልቴጁ ወደ ቺፑ በቀጥታ ይገባና ያቃጥለዋል። ባትሪውን አውጥተህ ውጭ ሙላው።

---

ቀያሹ_ልጅ፣ ጥቅምት 14፣ ማታ 5:20

ይቅርታ ጠፋሁ። ሦስት ሌሊት ፈጀብኝ፣ አለቀ ግን።

ሁሉንም አፈረስኩት። ቁጥር አሁን አሥር አሃዝ ነው። ማካፈሉን እንደ ልጅነቴ በረዥሙ ጻፍኩት፤ አሥራ አንድ አሃዝ አውጥቶ አጠጋግቶ ወደ አሥር ይመለሳል። ስታኩ አራት ደረጃ ሆኗል፣ ቲ ራሱን ይደግማል፣ የመግፋት ባንዲራዋም ገብታለች። የካሬ ሥሩ ፈተና 1.999999999። 

2017። ከኢንት በፊት 11.9999991። ኢንት፣ 11። እሷን እዚህ ስልኩን እዚያ አድርጌ አንድ ላይ ስጫን ሁለቱም 12.00፣ ሁለቱም 11.00። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ለብቻዬ አጨበጨብኩ።

---

ሐሳበ_ባሕር፣ ጥቅምት 15፣ ጠዋት 1:30

እንኳን ደስ አለህ፤ አሁን ሁለታችሁም ፋሲካን በአንድነት ታዘገያላችሁ 😄

ፕሮግራሙን ራሱንስ መቼ ነው የምታርመው? ሳካፍል የተረፈውን በፍራክ ከማሳደድ ይልቅ፣ 7517ን አስቀምጥ፤ ለ19 አካፍል፤ ኢንት፤ 395። በ19 አባዛ፤ 7505። ከተቀመጠው ቀንስ፤ 12። ሽርፍራፊ የሚባል ነገር አይገባበትም። የኔታ ያስተማሩን «ግደፍ» ማለት ይኸው አይደል?

አንድ ፈተና ደግሞ ጨምር። 2005። 7505 ለ19 ያለ ትርፍ ይካፈላል፣ መደብ ዜሮ። ዜሮ ሲሆን 19 ተብሎ ተይዞ ወንበር 18 ይሆናል እንጂ ከዜሮ በታች አንድ አይሆንም። አበቅቴ 18፣ መጥቅዕ 12፣ ፋሲካ ሚያዝያ 27 ነበር። ይህን የማያልፍ ፕሮግራም አትመን።

---

ቀያሹ_ልጅ፣ ጥቅምት 16፣ ማታ 2:05

ይህን ሳልነግራችሁ አላድርም።

ዛሬ አባቴ ጋ ሄድኩ። ስልኩን ሰጠሁት። አላለም ምንም፤ አውራ ጣቱ ዝም ብሎ ቁልፎቹን ያገኛቸዋል። ኤንተርን ለየት አድርጎ ነው የሚጫናት፣ ጫን አድርጎ። «ጠቅ አትልም» አለኝ። ድምፅ አልገባበትም እኮ።

ከዚያ የባሕረ ሐሳቡን ነገር በሙሉ ነገርኩት። አሥር አሃዙን፣ 11.9999991ን፣ የሦስት ቀኑን ውይይት፣ ሁሉን። መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ ሰማኝ። ከዚያ ወረቀቱን ተቀበለኝና ገለበጠው።

ጀርባው ላይ በሌላ ቀለም፣ በቀይ፣ ያው ፕሮግራም እንደገና ተጽፏል። ከአባዛ በኋላና ከኢንት በፊት ሦስት እርምጃ ገብቷል፦

ነጥብ
5
ደምር

11.9999991 ላይ ግማሽ ስትጨምርበት 12.4999991፤ ኢንት፣ 12። ከታች ደግሞ «መደብ 0 ከሆነ 19 በል» የሚል አለ፣ በአማርኛ። እኔ የቀዳሁት የፊቱን ገጽ ነው።

«ጀርባውን ሳታይ ነው እንዴ?» አለኝ።

---

ኦ41፣ ጥቅምት 17፣ ንጋት 12:30

እጅ ነሳሁ ለአባትህ። ጤና ይስጥልኝ በልልኝ።

ያንን ጀርባ ፎቶ አንስተህ ለጥፈው።

---

ሌሊት_ኮዳሪ፣ ጥቅምት 17፣ ጠዋት 3:00

የ«ጠቅ» ድምፁን እኔ ልሥራው? ማሽኗን ተበድረህ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቅዳልኝ፣ ኤንተርን ለብቻዋ።